ሰዓቱ ሲቆም የሚጀምር ዳኝነት

በቅርጫት ኳስ ሜዳ ነጻ ውርወራ ሲታዘዝ ተመልካቹ ውኃ ይጎነጫል፣ አሠልጣኙ ወደ ተቀያሪዎቹ ይዞራል፣ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ብዙ ጊዜ ዳኛውም አብሮ ሲያርፍ ይታያል። እኔ ግን ከዳኛ ሥራ ሁሉ ጥብቅ መሆን ያለበት ይህ ነው እላለሁ። ጨዋታው በሩጫ ላይ እያለ ዳኛ አንድ ነገር ሳያይ ቢቀር ምክንያት አለው፤ ተጫዋች ጋርዶታል ወይም ፍጥነቱ ቀድሞታል። በነጻ ውርወራ ጊዜ ሰዓቱ ቆሟል፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ዳኛውም የት መቆም እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። እዚህ ላይ ላመለጠው ነገር የሚያሳብብበት የለውም።

በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ፣ ወርዋሪው ከቦርዱ 4.6 ሜትር ከሚርቀው መስመር ኋላ ይቆማል። ሪባውንድ ለመያዝ ግራና ቀኝ የሚሰለፉት ቢበዛ አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ከተከላካዩ፣ ሁለቱ ከወርዋሪው ቡድን። የቀሩት ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ሆነው ይጠብቃሉ። ጨዋታውን ሁለት ዳኞች ሲመሩት አንዱ ከቅርጫቱ ሥር በመጨረሻው መስመር ላይ ይቆማል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ ወርዋሪውን በጎን ያያል። ሁለቱም የሚጠብቁት አጠገባቸው ያለውን ሰልፍ ሳይሆን ማዶ ያለውን ነው። አጠገብህ የቆመ ሰው ትከሻና ጀርባ ብቻ ነው የሚታይህ። ማዶ የቆመው ግን ከነእግሩና ከነክርኑ፣ በእርሱና በጎረቤቱ መካከል ካለው ክፍተት ጭምር ይታያል። ከኋላ ያለው ዳኛ በዚህ ላይ የወርዋሪውን እግርና የኳሱን በረራ ይጨምራል። ስለዚህ የአዳራሹ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ኳሱን ሲከተል፣ የመጨረሻው መስመር ዳኛ ዓይን ታች መቅረት አለበት። እርሱም ቀና ካለ ከቅርጫቱ ሥር የሚገፋፉት ሰዎች ያለ ዳኛ ቀሩ ማለት ነው።

ምልክቱም እንዲሁ ተራ ልማድ ይመስላል። ከቅርጫቱ ሥር ያለው ዳኛ ኳሱን ይዞ ይገባና አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣቱን አግድም ዘርግቶ የውርወራውን ቁጥር ያሳያል። ከኋላ ያለው ለአንድ ውርወራ ጠቋሚ ጣቱን፣ ለሁለት የሁለቱንም እጆች ጣቶች ገጥሞ፣ ለሦስት ደግሞ በየእጁ ሦስት ሦስት ጣት ያነሳል። ወርዋሪው ስንት እንደሚወረውር አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል፤ ጣቶቹ ይበልጥ የሚያስፈልጉት ለባልደረባውና ለጠረጴዛ ዳኞቹ ነው። አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት ካሳየ ስሕተቱ ኳሱ ገና በእጃቸው እያለ ይጋለጣል፤ ለማረምም አንዲት ቃል ትበቃለች። ኳሱ ከተሰጠ በኋላ ግን መንገዱ ይጠባል። ያልተገባ ውርወራ መፍቀድ፣ የተገባውን መከልከልና የተሳሳተ ሰው እንዲወረውር ማድረግ የሚታረሙት፣ ስሕተቱን ተከትሎ ሰዓቱ ከሮጠና ኳሱ መጀመሪያ ከሞተ በኋላ ዳግም ሕያው እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ ስሕተት እንዳለ ይጸናል።

የዚህ ቅጽበት መላላት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ ታይቷል። በኦሊምፒኩ ፍጻሜ ሶቪየት ኅብረት አሜሪካን 49 ለ48 እየመራች፣ 3 ሰከንድ ሲቀር አሜሪካዊው ዳግ ኮሊንስ ሁለት ነጻ ውርወራ አገኘ። የመጀመሪያውን አስቆጠረ። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ከጠረጴዛው ጡሩንባ ተነፋ። ብራዚላዊው ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ ወደ ድምፁ ዞር አለ፣ ውርወራውን ግን አላስቆመም። ኮሊንስ አስቆጠረ፤ 50 ለ49። የሶቪየት አሠልጣኞች በሁለቱ ውርወራዎች መካከል እንዲሰጠን ታይም አውት ጠይቀን ነበር ብለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው ይታወቃል፦ የፊባ ዋና ጸሐፊ ዊልያም ጆንስ ሰዓቱ ወደ 3 ሰከንድ እንዲመለስ አዘዙ፣ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ተደጋገሙ፣ ኢቫን ኤዴሽኮ ከሜዳው ጫፍ የላከውን ኳስ አሌክሳንደር ቤሎቭ አስቆጠረ፣ ጨዋታው በሶቪየት ኅብረት አሸናፊነት 51 ለ50 አለቀ። አሜሪካውያኑ የብር ሜዳሊያውን አልተቀበሉም።

ይህ ታሪክ ሲነሳ ጥፋቱ በጆንስ ጣልቃ ገብነት፣ በሰዓት ያዡ ወይም በዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ፉክክር ላይ ይጣላል። ለእኔ ሥሩ ከዚያ ይቀድማል። ሁለተኛው ኳስ ለኮሊንስ ከመሰጠቱ በፊት፣ በጠረጴዛው ላይ የቀረ ጥያቄ መኖር አለመኖሩ በሜዳው ላሉት ዳኞች ግልጽ መሆን ነበረበት። ጠረጴዛውና ሜዳው ሳይግባቡ ኳሱ ተሰጠ፤ የቀረው ሁሉ የዚያ መዘዝ ነው። በዛሬው የፊባ ሕግ ለመጀመሪያው ውርወራ ኳሱ ከተሰጠ ወዲያ በውርወራዎቹ መካከል ታይም አውት በመርህ ደረጃ አይፈቀድም። ሕጉ አንዱን ቀዳዳ ደፍኗል፤ ኳሱን ከመስጠት በፊት ወደ ጠረጴዛው ማየትን ግን ከዳኛው በቀር የሚያደርገው የለም።

ቆጠራውም የዳኛው ነው። በፊባ ወርዋሪው ኳሱን ከተቀበለ በኋላ 5 ሰከንድ አለው፤ በኤንቢኤ 10። እ.ኤ.አ. በ2021 የኤንቢኤ ፕሌይ ኦፍ የሚልዋኪው ያኒስ አንቴቶኩንፖ ሲወረውር የተጋጣሚ ቡድን ደጋፊዎች በአንድ ድምፅ ይቆጥሩበት ነበር፤ ቁጥራቸውም ከእውነተኛው ሰከንድ ይፈጥናል። ከማያሚ ጋር በተደረገ ጨዋታ ዳኞች በእርግጥም ጊዜ አሳልፏል ብለው ነፍተውበታል። ያ ውሳኔ ተገቢ የሚሆነው በዳኛው በራሱ ቆጠራ ላይ ቆሞ ሲሆን ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ጮኾ የሚቆጥረውን ሰምቶ የራሱን ሳይለቅ በልቡ መቁጠር በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ያኒስ በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ከ19 ውርወራዎች 17 አስቆጥሮ ዋንጫውን ወሰደ።

ጥብቅነቱን የሚቃወሙ፣ አንድ ተጫዋች ኳሱ ሳይወረወር በግማሽ እርምጃ ቀድሞ ገባ ተብሎ ፊሽካ ቢነፋ ጨዋታው ይበላሻል ይላሉ። ይህን ሥጋት ሕጉ ራሱ አስቦበታል። በፊባ ሕግ ኳሱ ከገባ ከወርዋሪው በቀር የሌሎች ተጫዋቾች ጥሰት ይታለፋል፣ ነጥቡም ይቆጠራል። ካልገባ የጣሰው የወርዋሪው ጓደኛ ሲሆን ኳሱ ለተጋጣሚው ይሰጣል፤ ተጋጣሚው ከሆነ ውርወራው ይደገማል። ወርዋሪው ራሱ ከጣሰ ግን ቢያስቆጥርም ነጥቡ ይሰረዛል። በአሜሪካ ኮሌጆች ሕጉ ከዚህ ይከብዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኖትር ዴም ከዛቪየር ጋር በተጫወተበት የኮሌጆች ውድድር ግጥሚያ መጨረሻ ላይ የገባ ነጻ ውርወራ የወርዋሪው ጓደኛ ቀድሞ በመግባቱ ተሰርዟል። በፊባ ሕግ ቢሆን ያ ነጥብ ይቆጠር ነበር።

እንግዲህ ከፊባ ዳኛ የሚጠበቀው እግሩን መጀመሪያ ያነሣው ማን እንደሆነ አይቶ መያዝ፣ የኳሱን ውጤት መጠበቅ፣ ከዚያ መንፋት ወይም መተው ነው። ጥሰቱን አይቶ ኳሱ ስለገባ የተወውና ምንም ያላየው ሁለቱም ፊሽካቸውን አይነፉም፤ ከሰገነት ለሚያያቸው አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው ኳሱ ቀለበቱን መትቶ ሲመለስና ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሲጮኹ ነው፤ አንዱ ኳሱ የማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሌላው ይገምታል።