የልጃችሁን አሞክሲሲሊን ለድመት አትስጡ

ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሰሞኑን አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ መጣች። ልጁ የሳንባ ምች ተብሎ የ5 ቀን አሞክሲሲሊን ታዞለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲሻለው መድኃኒቱን አቆመችው፤ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። "የቀረውን ምን አደረግሽው?" አልኳት። "ስሚኝማ ዶክተር" አለችኝ፣ "ድመቷንም ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ለእሷ ሰጠኋት።" ድመቷ ጀጎል ውስጥ ከአንድ ቀጭን መንገድ ላይ ተነስታ ቤት ከገባች ሁለት ወሯ ነው። ሲያስነጥሳትና ዓይኗ በአር ሲጣበቅ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በየጊዜው የተረፈ አንቲባዮቲክ ትወስዳለች፣ በየጊዜውም "ትድናለች"።

እናትየዋን አልተቆጣኋትም። የምቆጣው "ለድመት ነው" ሲባል ያለ ማዘዣ ፍሬ ቆጥሮ ለሚሸጠው ነው። ቡና ላይ ተቀምጦ "ግማሽ ስጪያት፣ የእኔ በዚያ ነው የዳነችው" ለሚለውም ነው።

የእናንተ ድመት በአሞክሲሲሊን አልዳነችም። ራሷ ነው የዳነችው። የድመት ልጆችን የሚይዘው ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቫይረሶች በአንዱ የሚመጣ ነው፤ አንዱ የድመት ኸርፐስ ሲሆን ሌላው ካሊሲ ቫይረስ ይባላል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ቀላል ከሆነ በ7 ወይም በ10 ቀን ውስጥ ይሄዳል፤ እናንተ በአምስተኛው ቀን መድኃኒት ስለጀመራችሁ ምስጋናውን መድኃኒቱ ይወስዳል።

ታዲያ ለምን ይመላለሳል? ከንፈራችሁ ላይ ሲወጣ "ምች መታኝ" የምትሉትን ቁስል አስቡት። ያ ቁስል የሰው ኸርፐስ ነው። ቫይረሱ ከሰውነታችን አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ሲደክመን፣ ሲያመን፣ ስንጨነቅ ይነሳል። የድመቷም እንደዚያው ነው። ከእናቷ መለየት፣ አዲስ ቤት፣ የሚያሯሯጧት ልጆች፣ ሌላ ድመት መምጣቱ ሁሉ ቫይረሱን ይቀሰቅሰዋል። ብዙ ጊዜም ወዲያው ሳይሆን ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሚታይ ምክንያቱን አናስታውሰውም። ስለዚህ ሦስተኛው ጉንፋን አዲስ በሽታ ላይሆን ይችላል። (የድመት ኸርፐስ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን ሰምታችሁ ድመቷን ወደ ውጭ እንዳትጥሉብኝ።)

ሌላው ጥፋታችን ችኮላ ነው። አይጥ ትይዝልናለች ብለን ዓይኗን በቅጡ ያልገለጠችውን ከእናቷ ጡት እንነጥቃለን። ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቷ ጋር ትቆይ። በጡት ያገኘችው መከላከያ እየቀነሰ የራሷ ገና ሳይጠነክር በዚያ መሀል ብቻዋን ስናወጣት ነው የምትታመመው።

አሞክሲሲሊኑስ ይሁን፤ ከእሱ የባሰ አለ። ፓራሲታሞል! የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን አጣርቶ ማስወገድ አይችልም። 700 ግራም ለምትመዝን ድመት የ500 ሚሊግራም ክኒን ሩቡን ብትሰጧት፣ ከክብደቷ አንጻር 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከ20 ፍሬ በላይ በአንዴ እንደመዋጥ ነው። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትሞታለች። ነጭ ሽንኩርት በማርም እንዲሁ ነው፤ ለእኛ ጉንፋን ያገለግላል እንላለን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ግን ያፈርሳል። የባህር ዛፍ እንፋሎትም ይቅርባት። ዶክሲሳይክሊን የእንስሳት ሐኪም የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ በደረቁ ጉሮሮዋ ውስጥ ከተጨመረ ግን ተጣብቆ የምግብ ቧንቧዋን ያቆስላል። ዴክሳሜታዞን ያለበት የዓይን ጠብታ ደግሞ በኸርፐስ የቆሰለን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ክኒን በግድ ስታጎርሱ ከነከሰቻችሁ፣ እዚህ ላይ ጉዳዩ የእኔ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ኑ። ከመንገድ የተነሳች፣ ያልተከተበች ድመት ናት፤ "ትንሽ ናት" አይባልም።

ምን እናድርግላት ካላችሁ፣ ሙቀት ስጧት። ሐረር ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ካርቶንና አሮጌ ጋቢ ይበቃታል። ከሰልና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ግን አታስቀምጧት። በጀጎል ቤቶች ጭሱ ቶሎ አይወጣም፣ የታመመ አፍንጫዋን ያባብሰዋል። ዓይኗንና አፍንጫዋን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉላት፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጨርቅ ይሁን። ድመት ካልሸተታት አትበላም፤ አፍንጫዋ ሲዘጋ ምግቡን ሞቅ አድርጋችሁ አቅርቡላት። ሽንኩርትና ቅመም የሌለው የዓሣ ወይም የሥጋ ቅቅል ጥሩ ነው። የላም ወተት ግን ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ሌላ ድመት ካለ ለይቷቸው። ካሊሲ ቫይረስ ዕቃ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ሳህኗን በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ እጠቡትና በደንብ አለቅልቁት።

ለአንድ ቀን ካልበላች፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ምላሷ ከቆሰለ ወይም ዓይኗ ከደፈረሰ ግን አትጠብቁ፤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። "የድመት ሐኪም የት አለ?" አትበሉኝ። ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ሙያው አጠገባችን እያለ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የምንሰለፈው ለምንድን ነው? ሐኪሙ ባክቴሪያ እንደተጨመረበት ካየ አንቲባዮቲክ ራሱ ያዝዛል፣ መጠኑንም በክብደቷ ያሰላል።

"ለአንዲት ድመት ይህ ሁሉ?" የሚለኝ አይጠፋም። በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ቤት ውስጥ ያለ ድመት፣ ሕፃንና አያት አንድ ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። በግማሽ ክኒን የሰለጠነው ባክቴሪያ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ልጁ አሁን ተሽሎታል፤ ሌላ 5 ቀን ወስዶ ጨርሷል። ድመቷም ያለ መድኃኒት በዘጠነኛው ቀን ማስነጠሷን አቁማለች፤ እናትየዋ ደውላ ነገረችኝ።