ስለ ፓቶሎጂ ክለሳችን ጥቂት ሂስ

ፈተና በተቃረበ ቁጥር፣ እዚህ ካይሮ ሕክምና የምናጠና የማኅበሩ አባሎች አንድ የታወቀ ልማድ አለን። የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሸመደዳሉ። «በጉበት ውስጥ የሸክላ ፒፓ ዘንግ የመሰለ ጠባሳ» ሲባል «ቢልሃርዚያ!» ብለን እንጮኻለን። እናልፋለንም። ይህን የምንጽፈው ከማንም በፊት ራሳችንን ለመሄስ ነው።

ባለፈው ሰሞን በጥናት ክበባችን ይህንኑ ስንደጋግም፣ ሻይ ሊያፈላ የገባ አንድ የምሕንድስና ተማሪ፣ «ጉበቱ ታሞ ደም እያስታወከ፣ ታዲያ ዓይኑ ለምን ቢጫ አልሆነም?» ሲል ጠየቀን። ሰባት ነበርን። አንዳችንም አጥጋቢ መልስ አልሰጠንም።

መልሱ ግን ከመጽሐፉ አልጠፋም። በሽታውን በዋነኛነት የሚያመጣው ትሉ ሳይሆን እንቁላሉ ነው። ትሎቹ በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ ከሰገራ ጋር ያልወጣው እንቁላል በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ባሉ ትናንሽ የፖርታል ደም ሥሮች ይወተፋል። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይከቡታል፣ ግራኑሎማ ይሠራል፣ ውሎ አድሮም ጠባሳ ይሆናል። ደሙ የሚታገደው እንግዲህ ወደ ጉበት ሴሎች ከመድረሱ በፊት ነው። ሴሎቹ ለረጅም ጊዜ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ መውጫ ያጣው ደም ግን ጣፊያን ያሳብጣል፣ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉትን ደም ሥሮች ይወጥራል። ሲፈነዱ በሽተኛው ደም ያስታውካል። ሲሮሲስ ከዚህ የሚለየው የጉበት ሴሎቹ ራሳቸው የሚጠፉበትና የጉበቱ አሠራር የሚፈርስበት በመሆኑ ነው።

ልዩነቱ የአንድ ነጥብ ጉዳይ አይደለም። በአገራችን የሚበዛው የአንጀቱና የጉበቱ ዓይነት ነው፤ በጣና አካባቢም በዝዋይም ይገኛል። ሽምደዳ ብቻ የያዘ ሐኪም ቢጫ ያልሆነ ዓይንና ደኅና የሚመስል የጉበት ምርመራ ሲያይ «የጨጓራ ቁስል ነው» ብሎ ሊሸኝ ይችላል። ሰንሰለቱን የያዘ ግን እጁን ወደ ጣፊያው ይልካል። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። (ወባ ባለበት አገር ጣፊያ በሌላም ምክንያት ያብጣልና፣ በየትኛው ውሃ እንደሚታጠብና እንደሚዋኝ መጠየቅ ግድ ነው።) ቴዎዶር ቢልሃርዝ ትሉን ያገኘው በዚሁ በካይሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. ሬሳ ሲመረምር ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 በአድዋ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ሲያዩ ነገሩ የገባቸው፣ ትሉ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያልፍ ያውቁ ስለነበር ነው።

«ጊዜ የለንም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የድሮ ጥያቄዎቹን እኛም አንጥልም። ነገር ግን ከጥናቱ ሰዓት ግማሹ ቀርቶ ሩቡ ለሌላ ይዋል እንላለን፦ መጽሐፍ ተዘግቶ፣ አንድ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ አንድን በሽታ ከመነሻው እስከ ምልክቱ በአማርኛ ያስረዳ። በእንግሊዝኛ እንማራለን፣ ከበሽተኛ ጋር በዐረብኛ እንነጋገራለን፤ በአማርኛ ስንሞክር ግን ያልገባን ነገር ወዲያው ይጋለጣል። «ፋይብሮሲስ» ብሎ ማምለጥ አይቻልምና።

የፊታችን ሐሙስ ማታ በሩማቲክ የልብ በሽታ እንጀምራለን። ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ እስከ ሚትራል ቫልቭ መጥበብ የሚያደርሰን አንድ ፈቃደኛ እንፈልጋለን። የምሕንድስናው ተማሪም ተጋብዟል።