ለብስክሌት የሚሆን ማሰሪያ

በአገራችን ልማድ እንግዳ ከደጅ ሲደርስ አስቀድሞ የሚታሰብለት በቅሎው ነበር። አሽከር ልጓሙን ተቀብሎ ከማሰሪያው ያስራል፥ ሣርም ያቀርባል፤ እንግዳውም ስለ ከብቱ ሳይጨነቅ ገብቶ ይቀመጣል። ዛሬ በብስክሌት የሚመጣው እንግዳ፥ ልጆቻችንን የሚያስጠናው መምህር ቢሆን ወይም ደብዳቤ ይዞ የመጣ ተላላኪ፥ ይህን ያህል አሳብ አያገኝም። ብስክሌቱን ከግድግዳ ያስደግፋል፤ የግድግዳው ቀለም ይፋቃል፥ ብስክሌቱም ይወድቃል። ችሎት የሚውል ሰው ደግሞ ከደጃፍ አቁሞት ገብቶ ሲወጣ ያጣውን ሰው አቤቱታ ሳይሰማ አይቀርም። እንዲህ የሚጠፋው ብስክሌት ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ነገሩን ትንሽ እንዳያደርጉት እንለምናለን። ባሕር ዳር በብስክሌት ብዛት የታወቀች ከተማ ናት፤ በአዲስ አበባም በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋራ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል። መንገድ የተሠራለት ሰው ከደረሰበት ስፍራ ማሰሪያ ይፈልጋል።

ብዙ ጊዜ በያጆች የሚሠሩት ማቆሚያ የፊት ጎማውን ብቻ በሁለት ብረቶች መካከል የሚይዝ ነው። ዋጋው ይረክሳል፥ በረድፍ ሲታይም ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ብስክሌቱ በነፋስ ወይም በጎረቤቱ ተገፍቶ ያዘነበለ እንደ ሆነ ክብደቱ ሁሉ በጎማው ላይ ስለሚያርፍ ቸርኪዮው ይጣመማል፥ ራጂውም ይሰበራል። ከዚህም በቀር ቁልፉ የሚያልፈው በፊት ጎማው ብቻ ስለሆነ፥ ሌባ ጎማውን ፈትቶ ለማቆሚያው ይተውለትና የቀረውን ይዞ ይሄዳል። ፈረንጆቹም ይህን ዐይነቱን «ጎማ አጣማሚ» እያሉ ይነቅፉታል።

የሚሻለው እጅግ ቀላሉ ነው። አንድ ወፍራም ቱቦ ብረት በሁለት ወገን ታጥፎ እንደ «በ» ፊደል ይቆምና ሁለቱ እግሮቹ በሲሚንቶ ይቀበራሉ። እንግሊዞች በሼፊልድ ከተማ ስም ይጠሩታል። ከመሬት በላይ ቁመቱ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር፥ በእግሮቹ መካከል ያለው ስፋት ከ70 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ብስክሌቱ በጎኑ ተደግፎ ሁለት ስፍራ ስለሚነካው አይወድቅም፤ ቁልፉም ጎማውንና ዋናውን አካል አንድነት ይይዛል። ግራና ቀኙን ሁለት ብስክሌት ስለሚቆምበት ከአንዱ «በ» እስከ ሁለተኛው ቢያንስ 1 ሜትር ይተው፤ ብረት ለመቆጠብ ብሎ አጠጋግቶ የሚተክል ሰው መሪና መሪ እየተያያዘ ከግማሹ በቀር እንደማይሠራለት ይወቅ። ለልጆች ብስክሌት ከሥሩ አንድ አግዳሚ ብረት ቢበየድበት መልካም ነው።

ስለ ማማሩ ብዙ ሰው የሚያስበው አበባና ሐረግ መጨመርን ነው። በኒው ዮርክ ዴቪድ በርን የተባለው ዘፋኝ በ2008 እ.ኤ.አ. አንዱን በዶላር ምልክት፥ ሌላውን በሴት ባለ ተረከዝ ጫማ ቅርጽ አስሠርቶ ነበር። ቀልዱ አንድ ጊዜ ያስቃል፤ መንገዱ ሁሉ በጫማ ቢሞላ ግን ማን ይወደዋል? በእኛ አስተያየት እኩል ቁመት ይዘው በቀጥታ መሥመር የቆሙ፥ ብየዳቸው የተሞረደ፥ አንድ ቀለም የተቀቡ አምስት «በ»ዎች ለአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ በቂ ጌጥ ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን ለደረቅ አገር ነው። በማሻ ብረቱ ብቻውን አይበቃም። የሸካ ደን፥ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች ጋራ የተመዘገበው፥ ያለ ብዙ ዝናብ እንዲህ ለምለም አይሆንም ነበር፤ ለደኑ በረከት የሆነው ዝናብ ለካቴናና ለኮርቻ ጠላት ነው። ስለዚህ ብረቱ ዚንክ የተነከረ ይሁን፥ በላዩም ጣራ ይደረግለት። ለጌጡ ደግሞ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ የደጋው ቀርከሃ በአካባቢው ሞልቶ ይበቅላል። አንዳንዶች ማሰሪያውን ራሱን በቀርከሃ ለመሥራት ይመኛሉ፤ ዐይን ይማርካል፥ ነገር ግን በአንድ መጋዝ የሚቆረጥ ማሰሪያ ለሌባ ግብዣ ነው። ቁልፍ የሚገባበት ብረት፥ የጣራው ማገርና ዝናብ የሚመልሰው የጎን ፍርግርግ ቀርከሃ ቢሆን ሁለቱም በየሥራቸው ያምራሉ። የቀርከሃው እግር አፈር ነክቶ እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይገባበት በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ይቁም።

ስፍራውም ከዋናው በር አጠገብ፥ ዘበኛው ተቀምጦ ከሚያየው ዘንድ ይሁን፤ ከጓሮ የተሠራ ማሰሪያ ምንም ቢያምር ባዶውን ይውላል። ወለሉ ጠጠር ወይም ንጣፍ ድንጋይ ሆኖ ጥቂት ያዘቅዝቅ፤ የጣራው ውሃ የሚወርድበትም ወገን ሰው ብስክሌቱን ጎንበስ ብሎ ከሚቆልፍበት ወገን አይሁን፤ ማጅራት ላይ የሚወርድ ውሃ የሠሪውን ስም ያስነሣልና።