ሙሻ ደሴት ላይ እንደር

ጅቡቲ ከተማ ለዓመታት ኖሮ አንድም ቀን ባሕር ያልገባ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ቀላል ነው። የትራንዚት ሠራተኛው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ ምግብ ቤት የከፈተችው እናት፣ ሁላችንም እንጀራችን ከዚህ ባሕር ነው። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚሁ ወደብ ነውና። ባሕሩን ግን በኮንቴይነር ቁጥር እንጂ በገላችን አናውቀውም። ይህ ያሳዝነኛል።

እኔና ባለቤቴ የዕረፍት ቀናችንን በትንሽ ጀልባ ሙሻ ደሴት ማሳለፍ ከጀመርን ወዲህ ሐዘኔ ብሷል። ሙሻ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዞች ከታጁራው ሱልጣን በ10 ከረጢት ሩዝ የገዟት፣ ኋላም ለፈረንሳዮች የለቀቋት ዝቅ ያለች የኮራል ደሴት ናት። ፈረንጆች በየሳምንቱ ይሄዱባታል፤ የከተማው ሰዎችም እንዲሁ። አማርኛ ግን እዚያ ብዙም አልሰማሁም። አማቴ በስልክ ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ምን ጎድሏችሁ ነው ባሕር ላይ የምታድሩት?» ብላኛለች። ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ነው።

ደሴቲቱ የሚጠጣ ውኃ የላትም፤ በጀሪካን ይዘን እንሄዳለን። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማሌ ክልል ጉድጓዶች በ102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ውኃ አለና፣ ከቤት የምንቀዳው ውኃ የአገራችን ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ደስ ይለኛል። ከሰልም ከከተማ ነው የምንወስደው፤ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የበቀሉት የማንግሮቭ ዛፎች ለዓሣ ጫጩት መጠለያ ናቸውና አይነኩም። ኮራል መስበርና ዛጎል መልቀምም ክልክል ነው።

ዓሣ የምናጠምደው ደሴቲቱ ጋ ሳንደርስ፣ ጥልቁ ላይ ነው። ናኩዳው፣ ማለትም የጀልባው መሪ፣ ሞተሩን ያጠፋና የሰርዲን ቁራጭ የተሰካበት መንጠቆ በናይለን ክር ይወርዳል። ዘንግ የለም፤ ክሩ የሚያርፈው ጣት ላይ ነው። ዓሣው መጀመሪያ ይነካካል፣ ቀጥሎ ይጎትታል። ቸኩሎ የሳበ ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ በስልክ የሚጨቃጨቅ ሰው ነው፤ እዚያ ግን ዝም ብሎ ጣቱን ያዳምጣል። ባራኩዳ ከተያዘ በጨው፣ በሎሚና ከቤት በያዝነው ሚጥሚጣ ከሰል ላይ ይጠበሳል። ማታ ወደ ከተማው ስናይ ወረፋ የሚጠብቁት መርከቦች መብራት ተደርድሯል። ከመካከላቸው የእኛን ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ ይኖራሉ።

ወላጆቻችን እንዲህ አልነበሩም። ምጽዋ ጉርጉሱም ዳርቻ የዋኙ፣ ዳህላክን ያዩ፣ ልጆቻቸውን ባሕር ኃይል የላኩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ኤርትራ ነጻ ከወጣችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደው ትውልድ ግን ባሕርን የሚሰማው በሁለት መንገድ ነው፤ በወደብ ክርክርና በመርዶ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ከየመን የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ከጅቡቲዋ ኦቦክ ከተማ በስተሰሜን ጎዶሪያ ጠረፍ ላይ ሰጠሙ። በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰው ሞተ። ዋና ማወቅ ከደላላ ጀልባ ያድናል አልልም። ነገር ግን ባሕርን በደስታ ቀን ያላወቀ ሕዝብ በመከራ ቀን ብቻ ሲያውቀው በጣም ይከብደኛል። ስለ ባሕር በር አጥብቀን የምንከራከር ሰዎች ልጆቻችን ወገባቸው ድረስ እንኳ ውኃ እንዲገቡ አለመፍቀዳችንም ግራ ያጋባኛል።

እዚህ ያለን ማኅበርም ዕድርም ለልጆቻችን የዋና ትምህርት ቢያዘጋጅ እወዳለሁ። አዋቂዎችም እንሂድ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በሞቃቶቹ ወራት ሐምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ድንኳን ውስጥ ማደር አይቻልም። ነፋስ ሳይበረታ በማለዳ መነሣት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ውኃ መያዝ፣ የመመለሻውን ሰዓት ከናኩዳው ጋር ቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አትውጡ።