«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት

በቀደም የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ድምፁ የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር። «መኪናዬ አለቀላት» አለኝ። ከዱባይ ሲመለስ ይዟት የመጣት ቶዮታ 86 ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ስፖርት መኪና። በስደት ያጠራቀመው ገንዘብ ግማሹ እሷ ላይ ነው ያለው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ማርሹን በራሷ ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት ትቀንሳለች፤ ሞተሩ ይጮኻል። እግሩን ትንሽ ሲያነሳ መልሳ ትጨምራለች። ወዲያው ደግሞ ትቀንሳለች። ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» አለ። የጠየቀው ገንዘብ እኔ በሁለት ዓመት የማላገኘው ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይቺ መኪና ዱባይ ደህና ነበረች። እዚህም ቀለበት መንገድ ላይ ሰላም ናት። እውነት ነው፣ ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚገለጥ ብልሽት አለ። ቢሆንም ካምቢዮ ከማስወረድ በፊት «ይህ ዕቃ ማርሽ የሚቀይረው በምን ደንብ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይጎዳል?

ደንቡ የተጻፈው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በዋናነት ሁለት ነገር ያያል፦ መኪናዋ በስንት ትሄዳለች? ሹፌሩ ነዳጁን ምን ያህል ረግጧል? ለእያንዳንዱ ማርሽ የመጨመሪያና የመቀነሻ መስመር አለ። የመጨመሪያው ፍጥነት ከመቀነሻው ከፍ እንዲል የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ካምቢዮው እዚያች ነጥብ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ይውል ነበር።

ዳገት ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ አይበቃም። ሹፌሩ ሲረግጥ ደንቡ «ጉልበት ተፈልጓል» ብሎ ማርሽ ይቀንሳል። መኪናዋ ትፈጥናለች፣ ሹፌሩ እግሩን ያነሳል፣ ደንቡም «በቃው» ብሎ ይጨምራል። ዳገቱ ግን አላለቀም። ፍጥነት ይወርዳል፣ እግር እንደገና ይረግጣል። ካምቢዮው ዓይን የለውም፤ ከፊት ኩርባ ይኑር፣ የሚያዘግም አይሱዙ ይኑር አያውቅም።

ስፖርት መኪና ላይ ነገሩ ይብሳል። የዚች መኪና ባለ 2 ሊትር ሞተር 200 የፈረስ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ የሚሰጠው በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ ሲደርስ ነው። ማንሻው ዲ ላይ ሲሆን ግን ካምቢዮው ቶሎ ቶሎ ማርሽ እየጨመረ ሞተሩን ዝቅ ባለ ዙር ያቆየዋል። በ6ኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ ወደ 2,000 ዙር ግድም ብቻ ነው። ለምን? ለነዳጅ ቁጠባ። በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ የዚችው መኪና ባለ ማንዋሉ በአንድ ጋሎን ከተማ ውስጥ 22 ማይል ሲሄድ አውቶማቲኩ 25 ይሄዳል። በአውራ ጎዳና ደግሞ 30 እና 34። ካምቢዮው ሞኝ አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ትዕዛዙ ግን «ቆጥብ» እንጂ «እንጦጦን ውጣ» አይደለም።

ከፍታውንም ጨምሩበት። ዱባይ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን እዚሁ ያጣል። ስለዚህ ሹፌሩ የበለጠ ይረግጣል፣ ካምቢዮውም የበለጠ ይቀንሳል።

የአጎቴን ልጅ «ማንሻውን ኤም ላይ አድርግና ሁለተኛ ማርሽ አስይዘህ ውጣ» አልኩት። ወጣች። ማርሽ ሳትቀያይር፣ ዙሩና ፍጥነቱ አብረው እየጨመሩ። ሌላ ጋራዥ ሄዶ በኮምፒውተር አስመረመራት፣ የካምቢዮውን ዘይት አሳየ። ምንም የለባትም።

ታዲያ የመጀመሪያው መካኒክ ሌባ ነው? አይመስለኝም። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ሻጭ ከገዢው የተሻለ ስለሚያውቅ ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ አሳይቷል። ጥገና ላይ ደግሞ በሽታውን የሚናገረውም፣ መድኃኒቱን የሚሸጠውም አንድ ሰው ነው። እኛ ደግሞ የምንከፍለው ለማውረድና ለመግጠም ብቻ ነው። «ምንም የለባትም፣ ሂድ» ላለ መካኒክ ስንቶቻችን ከፍለን እናውቃለን? አመስግነን ነው የምንሄደው። እውነቱን የተናገረው ባዶ እጁን የሚቀር ከሆነ፣ «ይውረድ» የሚለው ቢበዛ ምን ይገርማል?

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኼ ነው፦ ምርመራ ለብቻው ይከፈልበት። ከተቻለ የሚመረምረውና የሚጠግነው ሰው ይለያይ። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊትም ሦስት ነገር ጠይቁ። ኮምፒውተሩ የመዘገበው ስህተት አለ? ዘይቱ ጠቁሯል፣ የማረር ሽታስ አለው? ስትረግጡ ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ግን አልከተል ይላል? መልሱ «አዎ» ከሆነ አትዘግዩ፣ መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል። ማርሽ መቀያየሩ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም።

የአጎቴ ልጅ አሁን በሰላም እየነዳ ነው። አንድ ነገር ግን እስካሁን ያንገበግበዋል፤ ለምርመራው የከፈላት ትንሽ ገንዘብ። «ምንም ላልሠራ ሰው ከፈልኩ» ይላል።