የካሜራ ዐይንና ነጭ ነጠላ

በአሁኑ ጊዜ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በምረቃና በበዓል አደባባይ ሁሉ ትልቅ ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው ማየት የተለመደ ሆኗል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሙያቸው ፎቶግራፍ ማንሣት አይደለም፤ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች ወይም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ካሜራውን ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ አምጥቶላቸው ወይም ለዓመታት ባጠራቀሙት ገንዘብ ገዝተውት ይሆናል። ይህ የዲጂታል ካሜራ ዓይነት በስልክ ከሚነሣው የተሻለ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያስችል፣ ዋጋው ግን ባለሙያው ከሚይዘው አነስ የሚል ነው። በላዩ ላይ ብዙ ቁልፎችና የሚሽከረከሩ መዘውሮች አሉት። ከመዘውሮቹ በአንደኛው ላይ «አውቶ» የሚል ጽሑፍ ወይም አረንጓዴ ምልክት ይገኛል። በእኔ ግምት ከእንዲህ ያለው ካሜራ ባለቤቶች የሚበዙት መዘውሩን ከዚህ ምልክት ላይ አንቀሳቅሰው አያውቁም።

ይህ ልማድ ጉዳት የሌለው ሊመስል ይችላል። «ካሜራው ሁሉን ያውቃል፤ እኔ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው» የሚል ሰው ጊዜና ድካም ያተረፈ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ብርሃን፣ በእኛ አለባበስና በእኛ የፊት ቀለም ላይ መሣሪያው ለብቻው እንዲወስን ሲተው ብዙ ጊዜ ልብሱ ይቀርና ፊቱ ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካሜራ የያዘ ሰው የብርሃኑን ውሳኔ ከመሣሪያው ተቀብሎ በራሱ እጅ ማድረግ አለበት የሚል እምነት አለኝ። ምክንያቴን ለአንባቢያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በቅድሚያ ካሜራ ብርሃንን እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። በካሜራው ውስጥ ያለው መለኪያ የሚያየው ከሰዎችና ከዕቃዎች ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ነው። የመጣው ብርሃን የበዛው ፀሐዩ ስለ በረታ ይሁን ወይም ከፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነጭ ስለ ሆነ መለኪያው መለየት አይችልም። ከዚህም የተነሣ መሣሪያውን የሠሩት መሐንዲሶች አንድ ግምት ሰጥተውታል፤ ይኸውም በካሜራው ፊት ያለው ነገር ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል የሚል ነው። ባለሙያዎች ለዚሁ ልኬት የሚይዙት ግራጫ ካርድ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነው። ሣር፣ አፈር፣ ድንጋይና ዛፍ በተደባለቁበት ሥፍራ ይህ ግምት ብዙም አይስትም።

አሁን ደግሞ የጥምቀትን በዓል አስቡ። ጥር 11 ቀን ረፋድ ላይ በጃን ሜዳ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ጋቢ የደረቡ አረጋውያን፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች አደባባዩን ሞልተውታል። ባለካሜራው አንዲት እናት ለማንሣት ሲያነጣጥር የካሜራው መስኮት በነጭ ይሞላል። መለኪያው ነጠላ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይደመድማል፤ ወዲያውም መዝጊያውን ያፈጥናል፣ ወይም የሌንሱን ቀዳዳ ያጠብባል። ነጩ ነጠላ አመድ እስኪመስል ይጨልማል። ከነጠላው ብዙ እጥፍ ያነሰ ብርሃን የሚመልሰው ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ደግሞ ጭራሽ ወደ ጥላነት ይለወጣል። የግንባሯ መስመር፣ የዐይኗ አገላለጥ፣ በአንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት አይለይም። ከዓመታት በኋላ ፎቶግራፉን የሚያየው የልጅ ልጅ አያቱን የሚያውቃት በጥለቷ ይሆናል። በምረቃ ዕለት የሚሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰፊው ጥቁር ካባ መስኮቱን ሲሞላው ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ካባው ወደ ግራጫነት፣ የተመራቂው ፊትም ወዘናው ወደ ጠፋ ድፍን ብርሃን ይሄዳል።

የፀሐዩም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ በአናት ታልፋለች። ያን ጊዜ ቅንድብ በዐይን ላይ፣ አፍንጫ በከንፈር ላይ ጥላ ይጥላሉ። በሌሎቹም ወራት ቢሆን የቀትር ፀሐያችን ከፍ ያለች ናት። በፊት ላይ ያለው ጨለማ በመለኪያው ስሕተት ላይ ሲደረብ ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም።

በዚህ ሥፍራ አንድ ታሪክ ማንሣት ያሻል። በፊልም ዘመን ኮዳክ የተባለው ኩባንያ የቀለም ፎቶግራፍ ለሚያጥቡ ቤቶች የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይልክ ነበር። አጣቢው የፎቶግራፉን ቀለም የሚያስተካክለው የዚህችን ሴት የቆዳ ቀለም አይቶ ነው። ካርዱ በመጀመሪያዪቱ ሴት ስም «ሸርሊ» ተባለ፤ እርሷን ተከትለው ለረጅም ዓመታት የቀረቡትም ነጮች ነበሩ። ሎርና ሮት የተባሉት ካናዳዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ኩባንያው ፊልሙ የቡናማ ቀለምን ልዩነት አጥርቶ እንዲያሳይ ለማሻሻል ከተነሣሣባቸው ምክንያቶች አንዱ የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ቅሬታ ነበር። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች በአንድነት የተነሡበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ይህን የምጠቅሰው የዛሬው የብርሃን መለኪያ በክፋት የተሠራ ነው ለማለት አይደለም፤ ግራጫው ልክ ለማንም አያዳላም። ነገር ግን መሣሪያ «ትክክል» የሚለው ነገር አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ሆኖ፣ አንድን ነገር አይቶ የወሰነው መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል። ቸኮሌት ሻጩ ባይጮህ ኖሮ የጥቁር ሰው ፊት ስንት ዓመት ይጠብቅ ነበር?

በዚህ አስተያየት የማይስማሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ጠንካራ መከራከሪያ አለ። «የዛሬ ካሜራ የሰውን ፊት ፈልጎ ያገኛል፤ ብርሃኑንም በፊቱ ልክ ያስተካክላል፤ ስለዚህ የጠቀስኸው ችግር ያለፈ ነው» ይላሉ። በእርግጥ መሻሻሉ የሚካድ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስልክ ላይ የጥቁር ሰዎችን ፊት በትክክል ለማንሣት የታሰበ አሠራር ማካተቱን በይፋ አስታውቋል። ዳሩ ግን ፊት ፈላጊው መሣሪያ ነጠላ እስከ አፍንጫዋ የተከናነበችን ሴት ላያገኝ ይችላል፤ ወይም ከሕዝቡ መካከል ያልፈለጋችሁትን ሰው ይመርጣል። በስልክም በኩል የሚታየው ሌላ ጥፋት ነው። ብዙ ስልኮች ጥላን ሁሉ እያነሡ ፊትን ከሆነው በላይ ያቀሉታል። ፊት ማንጣት ፎቶ ቤቶቻችንም ሲሠሩት የኖሩት ነገር ነው፤ አሁን ግን ማንም ሳያዝዘው በመሣሪያ ይደረጋል። የምንፈልገው ጥቁሩ ፊት ጥቁር እንደ ሆነ፣ ወዘናውና መስመሩ ግን ሳይጠፋ እንዲታይ ነው። የትኛው ፊት፣ በምን ያህል ድምቀት የሚለውን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ሰውየውን የሚያውቀው ባለካሜራ ነው።

መፍትሔው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ወይም መዘውር ይገኛል። በ«አውቶ» ላይ ሳሉ ብዙዎቹ ካሜራዎች ይህን ቁልፍ ስለማይቀበሉ በመጀመሪያ ትልቁን መዘውር «ፒ» ወደሚለው ፊደል ማዞር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወደ መደመር አንድ ቁጥር መሄድ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል፤ ወደ መቀነስ አንድ ቁጥር መሄድ በግማሽ ይቀንሰዋል። በመካከላቸው በሲሶ የተከፈሉ ትናንሽ እርምጃዎች አሉ። መስኮቱ በነጭ ነጠላ ሲሞላ መደመር፣ በጥቁር ካባ ሲሞላ መቀነስ ነው። ለጀማሪ ሰው ግራ የሚመስለው ይህ ነው፤ ነጭ ሲበዛ ብርሃን መቀነስ ያለበት ይመስለዋልና።

ይሁንና ብርሃንን መጨመር የራሱ ዋጋ አለው። በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለውን ገበታ፣ ማለትም ሴንሰሩን፣ በዝናብ ጊዜ በሜዳ ላይ እንደ ተደረደሩ ሚሊዮን ጣሳዎች አድርጋችሁ አስቡት። በእያንዳንዱ ጣሳ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይለካል፤ ፎቶግራፉ የሚሠራው ከዚህ ልኬት ነው። ጣሳው ሞልቶ ከፈሰሰ ግን ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደ ዘነበ ማወቂያ የለም። በነጠላው ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ብርሃኑ ከመጠን ሲያልፍ የጥጡ ክርና የሽመናው ውበት ጠፍቶ ባዶ ነጭ ብቻ ይቀራል። በሌላ በኩል በጨለማው ክፍል ያሉት ጣሳዎች ጥቂት ጠብታ ስለያዙ ልኬታቸው የማያስተማምን ይሆናል፤ በኋላ በኮምፒዩተር ሲያነሡትም ፊቱ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። እንግዲህ ባለካሜራው በፊቱና በሸማው መካከል መምረጥ ይገባዋል። እኔ ብሆን ፊቱን እመርጣለሁ። ሸማኔ የሆነ ሰው ምናልባት አይስማማም፤ እርሱም የራሱ ምክንያት አለው።

ደግነቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መጣል ግድ አይሆንም። ሰውየውን ከፀሐይ አውጥቶ በዛፍ ጥላ ወይም በበር አጠገብ ማቆም በፊቱና በልብሱ መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት አይለውጠውም፤ ነገር ግን ፀሐይ በፊት ላይ የምትጥለውን ጥላ ያስወግዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ማንሣትም እንዲሁ ይረዳል። ካሜራው «ሮው» የሚባለውን ጥሬ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ መጠቀሙ መልካም ነው። የተለመደው የጄፔግ ፋይል በብርሃንና በጨለማ መካከል 256 ደረጃዎችን ብቻ ሲይዝ፣ ባለ 14 ቢት የሆነው ጥሬ ፋይል 16,384 ደረጃዎችን ይይዛል። ነጠላው እንዳይፈስ አድርጎ አንሥቶ፣ ፊቱን በኋላ በእርጋታ ለማብራት የሚቻለው ከዚህ ዓይነቱ ፋይል ነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስችለው ምን ዓይነት ካሜራ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሻጩ በመጀመሪያ የሚነግራችሁ የሜጋፒክስሉን ብዛት ነው። በዚህ አትደለሉ። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በጥራት ለማሳጠብ 8 ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ ፒክስል ይበቃል። ካነን እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ10 የተባለ ባለ 14.7 ሜጋፒክስል ካሜራ አወጣ፤ በ2009 ግን ቀጣዩን ጂ11 በዚያው የሴንሰር ስፋት ወደ 10 ሜጋፒክስል ዝቅ አድርጎ ሠራው። በጠባብ ሜዳ ላይ ብዙ ጣሳ ለመደርደር እያንዳንዱን ማሳነስ ግድ ነውና። ስለዚህ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን ስለ ገበታው ስፋት ጠይቁ። በብዙ ትናንሽ ካሜራዎች ያለው ሴንሰር 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ «ባለ አንድ ኢንች» የሚባለው 116፣ ሌንሳቸው በሚቀያየር በርካታ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ደግሞ 370 ገደማ ነው። የጥቁር ፊት ጥላ አሸዋ ሳይሆን ቆዳ መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው ይህ ስፋት ነው። መደመሪያና መቀነሻውን የማይነካ ሰው ግን ሰፊውንም ገበታ ቢገዛ ያው ጥላውን ነው የሚያገኘው፤ ለገንዘቡ ሌላ ጉዳይ ቢፈልግለት ይሻላል።

ካሜራው የሚመዘግበው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ልብ በሉ። ጥር 11 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሣው ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ በካሜራው መዝገብ ጃንዋሪ 19፣ 9 ሰዓት ተብሎ ይቀመጣል። ሰዓቱና ዓመተ ምሕረቱ ካሜራው ሲገዛ በትክክል ካልተሞላ የልጅ ልጆች የማይፈቱት እንቆቅልሽ ይሆናል።

«በድግስ መካከል ቁልፍ ሲያዞሩ ሙሽሮቹ አልፈው ይሄዳሉ» የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፤ በድግስ ላይ ትምህርት አይጀመርም። ትምህርቱ በቤት ነው። ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ እናታችሁን ወይም አያታችሁን አስፈቅዱና ነጠላቸውን ለብሰው በበሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን በሚገባበት ሥፍራ እንዲቀመጡ ለምኑአቸው። ከአንድ ቦታ ሳትንቀሳቀሱ አምስት ጊዜ አንሡአቸው፤ አንደኛውን በመቀነስ 2፣ ሁለተኛውን በመቀነስ 1፣ ሦስተኛውን በዜሮ፣ አራተኛውን በመደመር 1፣ አምስተኛውን በመደመር 2 አድርጉት። አምስቱንም በወረቀት አሳጥቡና ቁጥራቸውን በጀርባቸው ጽፋችሁ በጠረጴዛ ላይ ደርድሩላቸው። ከዚያም «እማማ፣ እርስዎን የሚመስለው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁአቸውና የመረጡትን ገልብጣችሁ ቁጥሩን አንብቡ።