የካርቱም ነገረ ፈጆችና የችሎት ሥርዓት ሥልጠና

ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ መገኘቱ ብቻ ለተበደለ ሰው መብቱን አያስመልስለትም። ክሱ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ መጥሪያው በምን አኳኋን እንደሚደርስ፣ ምስክሩ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ይግባኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚባል ጠንቅቆ የሚያውቅ ነገረ ፈጅ ያልተገኘ እንደሆነ፣ ባለእውነቱ ወገን እውነቱን እንደያዘ ተረትቶ ሊወጣ ይችላል። የዚህን ነገር ክብደት ለመመዘን ለሚፈልግ ሁሉ የጎረቤቲቱ አገር የሱዳን ዋና ከተማ የካርቱም ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በተለይም ከጦርነት ፍርስራሽ ለመነሣት ለሚጣጣር ከተማ ጉዳዩ ችላ የሚባል አይደለም።

በካርቱም ዘመናዊው የፍርድ ቤት ሥርዓት የተተከለው በአንግሎ ግብጽ አስተዳደር ዘመን ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1899 የወጡት የወንጀለኛ መቅጫና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጎች ከሕንድ ሕግ የተቀዱ ነበሩ፤ በ1900 የወጣውና በ1929 የተተካው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ድንጋጌም የዚያው የሕንድ ሥነ ሥርዓት ዘመድ ነው። የኢትዮጵያም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1961፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በ1965 ሲወጡ ከዚሁ ምንጭ ብዙ ወስደዋል። ስለዚህ የካርቱምና የአዲስ አበባ ጠበቆች በቋንቋ ቢለያዩም፣ በክስ አጻጻፍ፣ ጭብጥ በመያዝና በመስቀለኛ ጥያቄ ረገድ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሱዳን መንግሥት ሕግ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በካርቱም ያቋቋመው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1951 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ አገሪቱ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የሕግ ትምህርቱም አብሮ አደገ። በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1963 መሆኑ ሲታሰብ ሱዳን ምን ያህል ቀደም ብላ እንደ ጀመረች ይታያል። በ1955 ሙሐመድ አሕመድ አቡ ረናት የመጀመሪያው ሱዳናዊ ዋና ዳኛ ሆኑ፤ ከ1956 ጀምሮም የፍርድ ውሳኔዎች በመጽሔት እየታተሙ ወጣቱ ጠበቃ የትኛው ክርክር እንደ ጸና፣ የትኛውም በሥነ ሥርዓት ጉድለት እንደ ወደቀ እያነበበ ይማር ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ወዲያው ችሎት አይገባም፤ የሙያውን ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም በአንድ አንጋፋ ጠበቃ ሥር መለማመድ ይገባዋል። ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል። በኢትዮጵያም ቢሆን በበላ ልበልሃ ዘመን ወጣቱ ሙግት የሚማረው ከአደባባይ ቆሞ ዐዋቂዎች ሲሟገቱ በመስማት እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ።

ነገር ግን ሥነ ሥርዓትን ማወቅ የሚፈተነው ሥልጣን በተቆጣ ጊዜ ነው። በ1965 የሱዳን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የኮሙኒስት ፓርቲን ባገደ ጊዜ፣ የሕግ ባለሙያው ጆሴፍ ጋራንግና ባልደረቦቹ ነገሩን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 1966 እገዳው ከንቱ መሆኑን ፈረደ። መንግሥት ውሳኔውን አልቀበልም ስላለ ዋናው ዳኛ ባቢከር አወደላ በ1967 ሥራቸውን ለቀቁ። የፓርቲው ዓላማ ደግም ይሁን ክፉ፣ ክሱ በሚገባ ተዘጋጅቶ በሚገባው ችሎት መታየቱ የሚመሰገን ነው።

ከዚህ የከፋው በጥር 1985 የሆነው ነው። በጄኔራል ኒሜሪ መንግሥት የመስከረም 1983 ሕጎች ከታወጁ በኋላ፣ እነዚህን ሕጎች የሚነቅፍ ወረቀት ያሠራጩት አዛውንቱ መሐንዲስ ማሕሙድ ሙሐመድ ጣሃ ተይዘው ጥር 7 ቀን ችሎት ቀረቡ፤ በማግስቱ ሞት ተፈረደባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሲያጸና በመጀመሪያው ችሎት ያልተከሰሱበትን ሃይማኖትን የመካድ ወንጀል ጨመረባቸው። ጥር 18 ቀን በኮበር ወህኒ ቤት ተሰቀሉ። ከክስ እስከ ስቅላት ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ኒሜሪ ከወደቁ በኋላ ልጃቸውና አብረዋቸው ከተከሰሱት አንዱ አቤት ብለው፣ የሱዳን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ያ ፍርድ ዋጋ የሌለው መሆኑን ወሰነ። ለሞተው ሰው ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እርግጥ ነው፣ ነፍስ አይመልስም። ሆኖም ሰው ስለ ምን እንደ ተከሰሰ ሳይነገረውና መልስ ሳይሰጥበት አይፈረድበትም የሚለው ደንብ የወረቀት ጌጥ አለመሆኑን በካርቱም ለሚማር ተማሪ ሁሉ ከዚህ መዝገብ የበለጠ የሚያስረዳው መምህር አይገኝም።

የሱዳን ጠበቆች ሌላም ፈተና ደርሶባቸዋል። በእንግሊዝ ልማድ የሠለጠኑት ሰዎች በ1971 እና በ1972 በግብጽ አምሳል የተዘጋጁ የፍትሐ ብሔርና የሥነ ሥርዓት ሕጎች በድንገት ታወጁባቸው፤ እነዚያም ብዙ ሳይቆዩ በ1973 ተሻሩ። ቋንቋውም ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ ዞረ። እንዲህ ያለው መለዋወጥ የሚያሳየው ሥልጠና በወጣትነት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ነገር አለመሆኑን ነው። በ1991 ደግሞ አገሪቱ የፌዴራል ሥርዓት መያዟን አስታወቀች። ፌዴራል መንግሥት ባለበት ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ሥልጣኑ የማን ነው የሚለው መሆኑን የኢትዮጵያ ጠበቆች ከ1995ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ በየዕለቱ ያዩታል፤ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የማይለይ ጠበቃ ደንበኛውን ለዓመታት በከንቱ ያመላልሳል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ በካርቱም ሲፈነዳ ይህ ሁሉ ተቋረጠ። የዳኝነቱ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝበት የመካከለኛው ከተማ ክፍል ለሁለት ዓመት ያህል የውጊያ ቦታ ሆነ፤ መንግሥቱም ወደ ፖርት ሱዳን ዞረ። የሱዳን ጦር ሠራዊት ከተማይቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። በእነዚህ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ሊወጣ የሚገባው ትውልድ የሚለማመድበት ችሎት፣ የሚከተለውም አንጋፋ ጠበቃ አጣ፤ አንጋፋዎቹም ወደ ካይሮና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። ግድግዳ በሲሚንቶ ይጠገናል፤ ሠላሳ ዓመት ችሎት የቆመ ሰው የያዘው ዕውቀት ግን ወደ ሌላ ካልተላለፈ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ሱዳንን ለመርዳት ቃል የሚገቡ መንግሥታትና ማኅበሮች ሕንጻ ለማሠራት ብቻ እንዳይጣደፉ ማሳሰብ ይገባል። የተሰደዱት ጠበቆች ባሉበት ቦታ ወጣቶችን እንዲያስተምሩ ማድረግ፣ በልምምድ ላይ ሳሉ ጦርነት ያቋረጣቸውን ወጣቶች ያሳለፉትን ጊዜ መቊጠር፣ የጠፉ መዝገቦች ከተከራካሪዎቹ ግልባጭ የሚተኩበትን ሥርዓት ለዳኞች ብቻ ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ጸሐፊዎችም ማስተማር ያስፈልጋል። ጸሐፊው ያልመዘገበውን ቀጠሮ ዳኛው አያውቀውምና።

በአስተርጓሚ የሚካሄድ ችሎትም በሥልጠናው ውስጥ ሊገባ ይገባዋል። ካርቱም ለብዙ አሥርተ ዓመታት የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞች መኖሪያ ነበረች። ደመወዙ የተከለከለ የቀን ሠራተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለህም ተብሎ የተያዘ ወጣት፣ ዐረብኛ የማታውቅ የቤት ሠራተኛ ዳኛ ፊት ሲቀርቡ፣ ቃላቸው በትክክል መተርጐሙን የሚቈጣጠርና ያልተረዱትን ወረቀት እንዳይፈርሙ የሚከለክል ጠበቃ ከአጠገባቸው መቆም አለበት።